ለነጻ ቴክኒካዊ ሰነድ የትኛው ክፍት ፈቃድ ይሻላል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሶፍትዌር መመሪያ፣ የአጫጫን ማብራሪያ፣ የማስተማሪያ ጽሑፍ ወይም የፕሮግራም አውጪዎች ማጣቀሻ ጽፈው በነጻ ለመልቀቅ የተዘጋጁ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እዚህ ተሰብስበዋል። የቸኮለ አንባቢ የመጀመሪያውን መልስ አንብቦ ሊሄድ ይችላል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አጭሩን መልስ እፈልጋለሁ። የትኛውን ልምረጥ?

ሰነዱ ለብቻው የሚቆም ጽሑፍ ከሆነ ክሪኤቲቭ ኮመንስ የተባለው ድርጅት ለማንም እንዲሆኑ ካዘጋጃቸው ዝግጁ ፈቃዶች ከሁለቱ አንዱን፣ ማለትም ሲሲ ባይ 4.0ን ወይም ሲሲ ባይ ኤስኤ 4.0ን ይምረጡ፤ በውስጡ ያሉትን የኮድ ምሳሌዎች ግን ለይተው እጅግ ቀላል በሆነ ፈቃድ ይልቀቁ። ሰነዱ የአንድ ሶፍትዌር አካል ከሆነና ከኮዱ ጋር በአንድ ማከማቻ ውስጥ የሚኖር ከሆነ ደግሞ የሶፍትዌሩን ፈቃድ ለሰነዱም መስጠት ብዙ ራስ ምታት ያስቀራል። ከዚህ ውጭ መሄድ አይከለከልም፤ በቂ ምክንያት ያለው ሰው ግን ጥቂት ነው።

በድረ ገጽ ላይ ለማንም ክፍት አድርጌ አውጥቼዋለሁ። ፈቃድ ባልጽፍበት ምን ይጎድላል?

ዋናው ነገር ይጎድላል። የቅጂ መብት ጽሑፉ ከተጻፈበት ቅጽበት ጀምሮ በራሱ ይጸናል፤ ማመልከቻም ምዝገባም የመብት ምልክትም አያስፈልገውም። በ1886 የተፈረመውና በኋላ የተሻሻለው የበርን ስምምነት ይህንን መርሕ ይዟል። ዝቅተኛውንም የጥበቃ ዘመን በአጠቃላይ የደራሲው ዕድሜና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት አድርጎታል፤ ብዙ አገሮች ወደ 70 ከፍ አድርገውታል። እንግዲህ ለአንድ ፕሮግራም የተጻፈ መመሪያ ፕሮግራሙን የሚያስታውስ ሰው ከጠፋ በኋላም ለአሥርት ዓመታት ተቆልፎ ይኖራል ማለት ነው።

ያለ ፈቃድ የወጣን ገጽ ማንበብ ይቻላል። አባዝቶ ማደል፣ ተርጉሞ ማውጣት፣ አርሞ ማሰራጨት፣ ከሶፍትዌሩ ጋር አብሮ ማቅረብ ግን ባለመብቱን ማስፈቀድ ይጠይቃል። ሕግ የሚያከብሩት ሰዎች ሰነዱን ትተውት ያልፋሉ፤ የማያከብሩት ይወስዱታል። ደራሲው የተመኘው ደግሞ የዚህን ግልባጭ ነበር።

ሶፍትዌሩ ራሱ ነጻ ፈቃድ አለው። ሰነዱ ለምን የራሱ ጣጣ ይኖረዋል?

ሶፍትዌሩ ስለሚለወጥ ነው። ነጻ ሶፍትዌርን ማንም አሻሽሎ ማሰራጨት ይችላል። ያሻሻለው ሰው የትእዛዙን ስም ሊቀይር፣ አንድ አማራጭ ሊያስወግድ፣ ወይም ጠቅላላውን ሥራ ወስዶ በሌላ ስም ሊቀጥልበት ይችላል። መመሪያው አብሮ እንዲለወጥ ካልተፈቀደ በማግሥቱ የሌለ ፕሮግራምን የሚገልጽ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ማንኛውንም ፈቃድ ከመቀበልዎ በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ነገ ሶፍትዌሩ ያለ እኔ ቢቀጥል ሰነዴ ሊከተለው ይችላል? በዚህ ገጽ ላይ ያሉት ምክሮች ሁሉ የተመዘኑት በዚህ ጥያቄ ነው።

የኮዱን ፈቃድ በጥንቃቄ መርጠው ሰነዱን ግን "መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው" ከሚል ግርጌ ጋር የሚያወጡ ፕሮጀክቶች አሁንም አይጠፉም። ብዙውን ጊዜ ማንም አስቦበት የጻፈው አይደለም፤ የድረ ገጹ ዝግጁ ንድፍ ይዞት የመጣ መስመር ነው። ፈልገው ያጥፉት።

ሲሲ ባይ እና ሲሲ ባይ ኤስኤ በምን ይለያያሉ?

ሲሲ ባይ በዋናነት የሚጠይቀው ደራሲው እንዲጠቀስና ለውጥ ከተደረገ እንዲነገር ነው። ከዚያ በኋላ ወሳጁ ጽሑፉን አሻሽሎ በማይቀዳ መጽሐፍ ውስጥ ቢያስገባውም ይችላል። ሲሲ ባይ ኤስኤ አንድ ግዴታ ይጨምራል፦ ጽሑፉን አሻሽሎ ወይም ተርጉሞ ለሕዝብ የሚያሰራጭ ሰው የራሱንም ሥራ በዚያው ፈቃድ መልቀቅ አለበት። ግዴታው የሚመጣው ሲሰራጭ ብቻ ነው፤ አንድ ሰው ለግሉ ቢያስተካክለው የሚጠይቀው የለም።

ሁለቱም ነጻ ፈቃዶች ናቸው። የፋይል ቅርጸት መግለጫ፣ የፕሮቶኮል ማብራሪያና የመሳሰለው ማጣቀሻ በየቦታው ቢገባ ጥቅሙ ለሁሉም ስለሆነ ሲሲ ባይ ይበቃዋል። ኩበርኔቲስ የተባለው ሶፍትዌር ሰነዶች፣ ለምሳሌ፣ በሲሲ ባይ 4.0 ነው የሚወጡት። ብዙ በጎ ፈቃደኞች ተረባርበው ለሚጽፉት ረጅም ማስተማሪያ ግን ኤስኤ ይሻላል ባይ ነኝ። ሌላው አሻሽሎት ሲያወጣ ማሻሻያው ወደ ጸሐፊዎቹ ሊመለስ የሚችልበት መንገድ ክፍት ሆኖ ይቆያልና።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ መመዘኛ አለ፤ ከየት ነው የሚበደሩት? ዊኪፔዲያ ከ2023 ጀምሮ ጽሑፉን የሚያወጣው በሲሲ ባይ ኤስኤ 4.0 ነው፤ የፕሮግራም አውጪዎች መጠያየቂያ በሆነው በስታክ ኦቨርፍሎው ላይ የሚሰጡ መልሶችም በሲሲ ባይ ኤስኤ ሥር ናቸው። ከእነዚህ አንድ አንቀጽ አምጥተው በሰነድዎ ውስጥ ካዋሐዱት ምርጫው አስቀድሞ ተደርጓል። የሲሲ ባይ ጽሑፍ ወደ ሲሲ ባይ ኤስኤ ሰነድ መግባት ይችላል፤ የሲሲ ባይ ኤስኤ ጽሑፍ ግን ወደ ሲሲ ባይ ሰነድ ገብቶ በሲሲ ባይ ሊወጣ አይችልም።

እትም 3.0ን ነው የለመድኩት። 4.0 ምን ይጨምርልኛል?

በኅዳር ወር 2013 የወጣው እትም 4.0 ለየአገሩ ሕግ እየተሰፋ አይወጣም፤ በሁሉም ቦታ አንድ ነው። በአንዳንድ አገሮች ሕግ ያለውን የመረጃ ቋት መብትም ይሸፍናል። ለሰነድ ጸሐፊ ከሁሉ ደስ የሚለው ግን ስለ ጥሰት የሚለው ነው። ፈቃዱን የጣሰ ሰው መብቱን ያጣል፤ ይሁንና ጥሰቱን ባወቀ በ30 ቀን ውስጥ ካስተካከለ መብቱ በራሱ ይመለስለታል። በቀድሞዎቹ እትሞች ስም መጥቀስ የረሳ ሰው ስህተቱን ቢያርምም መብቱ እንዲመለስለት ባለመብቱን ማስፈቀድ ነበረበት።

ሌላ ሰው ጽሑፌን ሸጦ እንዲያተርፍ አልፈልግም። "ለንግድ አይውልም" የሚለውን ብጨምርስ?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ በብዛት የሚመጣው ይህ ነው፤ ስሜቱም የሚገባ ነው። ውጤቱ ግን ጸሐፊው ካሰበው ይለያል። ኤንሲ የሚባለው ገደብ የሚከለክለው ጽሑፉን ለንግድ ጥቅም ወይም ለገንዘብ ክፍያ በዋናነት ያለመ አጠቃቀምን ነው። አሁን በተግባር ይሞክሩት። ክፍያ የሚያስከፍል አሠልጣኝ ምዕራፍ አባዝቶ ለተማሪዎቹ ቢሰጥ? ሶፍትዌሩን የሚተክል ድርጅት መመሪያውን ከአገልግሎቱ ጋር ለደንበኛው ቢያስረክብ? ማስታወቂያ ያለበት ድረ ገጽ ትርጉሙን ቢያወጣ? እያንዳንዱ ጉዳይ ክርክር ነው። ክርክር የማይፈልግ ሰው ደግሞ ሰነዱን አይነካም።

ነጻ ሶፍትዌርን ሰብስቦ የሚያሰራጨው የደቢያን ፕሮጀክት ኤንሲ ያለበትን ሰነድ በዋናው ስብስቡ ውስጥ አያካትትም፤ ዊኪፔዲያም እንዲህ ያለ ጽሑፍ አይቀበልም። ከዚህ በላይ ደግሞ ኤንሲ የተጨመረበት ኤስኤ ከተራው ኤስኤ ጋር አይዋሐድም፤ ስለዚህ ከሰፊው የነጻ ጽሑፍ ክምችት መበደርም ማበደርም ያቆማሉ። ይሸጥብኛል የሚለው ስጋት በራሱ ሲታይም ያን ያህል አያስፈራም። በነጻ የሚገኝን ጽሑፍ ገንዘብ ከፍሎ የሚገዛ ሰው የሚከፍለው ለወረቀቱ፣ ለጥረዛው ወይም ለማድረሱ ነው። ሲሲ ባይ ኤስኤ ከሆነ ገዢው የገዛውን አባዝቶ በነጻ የማደል መብት አብሮት ስለሚመጣ ሻጩ ገበያውን አጥሮ መያዝ አይችልም።

"አይለወጥ" የሚለው ገደብስ?

ኤንዲ የሚባለውን ይህን ገደብ ለቴክኒካዊ ሰነድ አይጠቀሙበት። ትርጉም እንደ ለውጥ ስለሚቆጠር የተተረጎመ መመሪያ ማሰራጨትን ይከለክላል፤ ስህተት ያለበትን ትእዛዝ አርሞ ማውጣትንም እንዲሁ። የግል አቋም ለሚገለጽበት ጽሑፍ ይሆን ይሆናል።

ጂኤፍዲኤል የተዘጋጀው ለሰነድ ነው ይባላል። ታዲያ ለምን በመጀመሪያው መልስ ላይ አልተጠቀሰም?

በታሪክ ትልቅ ቦታ አለው። የነጻ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን የጂኤንዩ ነጻ የሰነድ ፈቃድን (ጂኤፍዲኤልን) በ2000 ያወጣው ነጻ ሶፍትዌር ነጻ መመሪያ ያስፈልገዋል ብሎ ነው፤ እትም 1.2 በ2002፣ እትም 1.3 በ2008 ተከተሉ። ክሪኤቲቭ ኮመንስ የመጀመሪያዎቹን ፈቃዶቹን ያወጣው በታኅሣሥ 2002 ስለሆነ ቀደም ብለው ለጀመሩ ፕሮጀክቶች አማራጩ ጠባብ ነበር።

ችግሩ ፈቃዱ የታተመ መጽሐፍን እያሰበ መጻፉ ነው። ጸሐፊው አንዳንድ ክፍሎችን "የማይለወጡ" ብሎ ሊሰይም ይችላል፤ እነዚያን ክፍሎች ማንም ሊያርማቸውም ሊያስወጣቸውም አይችልም። በፊት ሽፋን ላይ እስከ 5፣ በጀርባ ሽፋን ላይ እስከ 25 ቃላት ያለው አስገዳጅ ጽሑፍ ሊያስቀምጥም ይችላል። ከ100 በላይ ቅጂ የሚያሰራጭ ሰው ለማረም የሚመች የኮምፒውተር ቅጂ አብሮ ማቅረብ ወይም የሚገኝበትን ቦታ መጠቆም አለበት። የፈቃዱ ሙሉ ቃልም ከእያንዳንዱ ቅጂ ጋር ይሄዳል፤ ባለ አንድ ገጽ የትእዛዞች ማስታወሻ ለማተም የፈለገ ሰው ከማስታወሻው ብዙ እጥፍ የሚረዝም ፈቃድ አብሮ ሊያትም ነው።

ደቢያን በ2006 በድምፅ የወሰነው ውሳኔ የነገሩን ልክ ያሳያል፦ የማይለወጥ ክፍል የሌለበት የጂኤፍዲኤል ሰነድ ነጻ ነው፤ ያለበት ግን በዋናው ስብስብ ውስጥ አይገባም። ዊኪፔዲያ ራሱ በዚህ ፈቃድ ጀምሮ በ2009 ወደ ሲሲ ባይ ኤስኤ 3.0 ተሻግሯል። መሻገር የቻለውም እትም 1.3 ለእንዲህ ዓይነት ድረ ገጾች እስከ ነሐሴ 1 ቀን 2009 የሚቆይ ልዩ በር ስለከፈተ ነው፤ በሩ ከዚያ በኋላ ተዘግቷል።

ዛሬ ጂኤፍዲኤልን የሚመርጡበት ጥሩ ምክንያት በዚህ ፈቃድ ሥር የኖረ ሰነድን ማስቀጠል ነው። የአርች ሊኑክስ ዊኪ በጂኤፍዲኤል 1.3 ሥር ነው፤ ብዙ የጂኤንዩ መመሪያዎችም እንዲሁ። እነዚያን ሲያስፋፉ ፈቃዳቸውን ይከተላሉ። አዲስ ሰነድ በዚህ ፈቃድ ለመጀመር ከወሰኑ ደግሞ የማይለወጥ ክፍልም የሽፋን ጽሑፍም እንደሌለው በግልጽ ይጻፉ።

የኮድ ምሳሌዎቹን ለምን ለብቻ እለያቸዋለሁ?

አንባቢ ጽሑፉን ያነባል፤ ምሳሌውን ግን ቀድቶ ፕሮግራሙ ውስጥ ይለጥፋል። ምሳሌው በሲሲ ባይ ኤስኤ ሥር ከሆነና በሕግ ፊት ራሱን የቻለ ሥራ ለመባል የሚበቃ ርዝመት ካለው፣ የቀዳው ሰው ሳያስበው በጽሑፍ ፈቃድ የታሰረ ኮድ ይዞ ይሄዳል። ክሪኤቲቭ ኮመንስ ራሱ ፈቃዶቹን ለሶፍትዌር መጠቀምን አይመክርም። ፈቃዶቹ ስለ ምንጭ ኮድ አያነሱም፤ የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት) መብትም አይሰጡም።

ትልልቆቹ ፕሮጀክቶች ይህንን ተምረውበታል። የሞዚላ የድር ገንቢዎች ሰነድ ጽሑፉን በሲሲ ባይ ኤስኤ ያወጣል፤ ከነሐሴ 20 ቀን 2010 ወዲህ የገቡትን የኮድ ምሳሌዎች ግን የቅጂ መብትን በሚተወው በሲሲ ዜሮ ለሕዝብ ለቋል። የፓይተን ሰነድም ለምሳሌዎቹ ምንም ግዴታ የሌለበትን ባለዜሮ አንቀጽ የቢኤስዲ ፈቃድ ጨምሯል።

ሲሲ ዜሮ ለጥቂት መስመር ምሳሌ ጥሩ ነው። ረዘም ላለ፣ ራሱን ችሎ ለሚሠራ ኮድ ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሲሲ ዜሮ የፓተንት መብትን በግልጽ ከስጦታው ውጭ ያደርጋል፤ የሊኑክስ ስርጭት የሚያዘጋጀው የፌዶራ ፕሮጀክት በዚሁ ምክንያት በ2022 ለኮድ መቀበሉን አቁሟል፤ ለጽሑፍና ለሌላ ይዘት ይቀበለዋል። ኤምአይቲ ሁሉም የሚያውቀው ፈቃድ ነው፤ ነገር ግን የመብት ማስታወቂያው ከኮዱ ጋር እንዲሄድ ይጠይቃል። ለአምስት መስመር ምሳሌ ይህንን መጠየቅ ትንሽ ይበዛል።

የሶፍትዌር ፈቃድን ለጽሑፍ መጠቀም ይቻላል?

ይቻላል፤ ብዙዎችም ያደርጉታል። የረስት ቋንቋ ዋና መማሪያ እንደ ቋንቋው ሁሉ በኤምአይቲና በአፓቼ 2.0 ሁለት ፈቃድ ይወጣል፤ ተጠቃሚው የሚስማማውን ይመርጣል። የፖስትግሬስኪውኤል መመሪያም የሶፍትዌሩን ፈቃድ ይጋራል። ፍሪቢኤስዲ የቢኤስዲን ፈቃድ ለሰነድ እንዲመች አስተካክሎ ይጠቀማል። በኮዱ ውስጥ ከተጻፉ ማብራሪያዎች በመሣሪያ የሚወጣ ማጣቀሻማ ከኮዱ ስለሚቀዳ በኮዱ ፈቃድ ሥር ቢሆን ነው የሚያምረው።

የጂኤንዩ የሶፍትዌር ፈቃድ የሆነው ጂፒኤልም ለሰነድ ይሠራል፤ የ"ምንጭ" ትርጉሙ ጽሑፉ የሚታረምበት ፋይል ይሆናል። ታትሞ ለሚሰራጭ መጽሐፍ ግን ምንጩን አብሮ የማቅረብ ግዴታው አሳታሚውን ያስቸግረዋል። ከ2015 ጀምሮ በሲሲ ባይ ኤስኤ 4.0 የወጣ ሥራን አሻሽሎ በጂፒኤል እትም 3 ማውጣት ይፈቀዳል። መንገዱ የአንድ አቅጣጫ ነው፤ ከጂፒኤል ወደ ሲሲ ባይ ኤስኤ መመለስ የለም።

የራሴን አጭር ፈቃድ ብጽፍስ?

እባክዎን አይጻፉ። በ1999 የወጣው የክፍት ኅትመት ፈቃድ የሆነውን ማየት ይበቃል። ሁለት አማራጭ አንቀጾች ነበሩት፦ አንዱ መሠረታዊ ለውጥ የተደረገበትን ቅጂ ማሰራጨት ይከለክላል፤ ሌላው መጽሐፍ አድርጎ ለሽያጭ ማተም ይከለክላል። በመሆኑም በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ሰነዶች አንዱ ነጻ፣ ሌላው ዝግ ሊሆኑ ይችሉ ነበር፤ አንባቢ ለመለየት ጥቃቅኑን ጽሑፍ መፈተሽ ነበረበት። ይህ የሆነው በጉዳዩ ብዙ ባሰቡ ሰዎች እጅ በተጻፈ ፈቃድ ላይ ነው።

ብዙ ሰዎች ጽፈውታል። ፈቃዱን አሁን መለወጥ እችላለሁ?

ሁሉም ከተስማሙ አዎ። እያንዳንዱ ጸሐፊ የጻፈው ክፍል ባለመብት ነው፤ አንዱ ሞቶ፣ ሌላው የኢሜይል አድራሻውን ቀይሮ ሊሆን ይችላል። የማይገኘውን ሰው ክፍል እንደ አዲስ መጻፍ ነው መፍትሔው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአስተዋጽኦ መመሪያው ላይ "የሚልኩት ጽሑፍ በሰነዱ ፈቃድ ሥር ይወጣል" የሚል መስመር ያስገቡ። የሊኑክስ ከርነል ከ2004 ጀምሮ የሚጠቀምበት የምንጭ ማረጋገጫ ፊርማ ለሰነድም ይሠራል፤ ላኪው ጽሑፉን የመስጠት መብት እንዳለው በአንድ መስመር ያረጋግጣል። በሥራ ሰዓት የተጻፈ ከሆነ ባለመብቱ ቀጣሪው ሊሆን ስለሚችል ይህ ፊርማ ቀላል ነገር አይደለም።

ሐሳቤን ብቀይር መልሼ መዝጋት እችላለሁ?

ማሰራጨትዎን ማቆም ይችላሉ። አስቀድመው የወሰዱት ሰዎች መብት ግን አይነሣም፤ የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃዶች የማይሻሩ ናቸው። ብቸኛ ባለመብት ከሆኑ ያንኑ ጽሑፍ ለሌላ ሰው በሌላ ውል መስጠት ይችላሉ፤ ለሌሎች የከፈቱት በር ግን ክፍት ሆኖ ይቆያል።

የስክሪን ምስሎችና አርማዎችስ?

በምስሉ ላይ የሚታየው ፕሮግራም፣ ምልክቶቹና የጀርባ ሥዕሉ የሌላ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። የእርስዎ ያልሆነውን ለይተው ይጻፉ። የንግድ ምልክት በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ አይተላለፍም፤ ስለዚህ ሰነዱን ክፍት ማድረግዎ የፕሮጀክቱን ስምና አርማ አሳልፎ አይሰጥም።

ፈቃዱን የት ልጻፈው? እንዴትስ ልበል?

"በነጻ ይጠቀሙበት" ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ መቅዳትን ይሁን መለወጥን ወይም መሸጥን እንደሚፈቅድ አይታወቅም። የፈቃዱን ሙሉ ስም ከነእትሙ ቁጥር ይጻፉ፤ "ክሪኤቲቭ ኮመንስ" ብቻ ማለት ከስድስቱ ፈቃዶች የትኛው እንደሆነ አይነግርም። ለምሳሌ እንዲህ ማለት ይቻላል፦

"የዚህ ሰነድ ጽሑፍና ሥዕላዊ መግለጫዎች በክሪኤቲቭ ኮመንስ ባይ ኤስኤ 4.0 ዓለም አቀፍ ፈቃድ ወጥተዋል። የኮድ ምሳሌዎቹ በሲሲ ዜሮ 1.0 ለሕዝብ ተለቀዋል። የምርት ስሞች፣ አርማዎችና ምንጫቸው በአጠገባቸው የተጠቀሰ ምስሎች ከዚህ ውጭ ናቸው።"

ከዚህ መስመር ጋር የባለመብቱን ስም፣ ዓመቱን፣ የሰነዱን መነሻ አድራሻና ወደ ፈቃዱ የሚወስድ ሊንክ ያኑሩ። በማከማቻው ዋና ማህደር ውስጥ የፈቃዱ ሙሉ ቃል ያለበት ፋይል ይቀመጥ፤ ኮዱና ሰነዱ በአንድ ማከማቻ ከሆኑ የትኛው ማህደር በየትኛው ፈቃድ እንደሆነ ይለይ። በድረ ገጹ ላይ ማስታወቂያው በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ይውጣ፤ አንባቢ ከፍለጋ ውጤት በቀጥታ ወደ መሐል ምዕራፍ ስለሚገባ የፊቱን ገጽ ላያየው ይችላል። በፒዲኤፍና በኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ቅጂዎች ደግሞ ማስታወቂያው በፋይሉ ውስጥ መሆን አለበት፤ ፋይሉ ከድረ ገጹ ተለይቶ በኢሜይልና በፍላሽ ዲስክ ሲዘዋወር የድረ ገጹ ግርጌ አይከተለውም።